ሁለቱም እውነታቸውን ነበር... ቀይ መብራቱ ግን አልጠፋ አለ!

እናንተዬ፣ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ሊጣሉ ይችላሉ? «የለም፣ አንዱ ይዋሻል» የምትሉ ካላችሁ እስቲ ይቺን አድምጡኝና ፍረዱ። ነገሩ የፍቅር አይደለም፤ የቅናትም አይደለም። የሽቦ ነው። አዎ፣ የሽቦ! ታዲያ በዚህ በሽቦ ሰበብ አንድ ዳቦ ለሁለት እየገመጡ ያደጉ ልጆች ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ የእቁብ ብር ሊበተን፣ የሙሽሮች አልጋ ሳይደርስ ሊቀር ትንሽ ነበር የቀረው።

ስም አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልናገርም። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሁለተኛው የሱ ጓደኛ ነው፤ እኔን «እትዬ» ነው የሚለኝ፣ እናቴ ደሞ ከወንድሜ አስበልጣ የምትሳሳለት ልጅ። ሁለቱም ሲቪያቸውን ተሸክመው አዲስ አበባን ዞረው ዞረው ሲደክማቸው፣ በ2016 ዓ.ም. የሁለት እቁብ እጣ አገናኝተው አንድ ትንሽ ሲኤንሲ ማሽን ገዙ። ላላየው ሰው፦ ሲኤንሲ ማለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ነው። ጠረጴዛ የሚያህል የብረት ፍሬም አለው፤ በላዩ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ደሞ መቁረጫውን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክር ስፒንድል ተገጥሟል። ሥዕሉን በኮምፒውተር ትሠራለህ፣ እንጨቱን ታስራለህ፣ እሱ ይቀርጽልሃል። በር በለው፣ የአልጋ ራስጌ በለው፣ የሱቅ ማስታወቂያ በለው፣ ምኑ ቅጡ!

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ስቴፐር ሞተር የሚባሉት ናቸው። እነዚህ እንደ ቬንትሌተር ዝም ብለው አይዞሩም፤ በእርምጃ ነው የሚሄዱት። የተለመደው ሞተር አንድ እርምጃው 1.8 ዲግሪ ነው፤ 200 እርምጃ ሲሄድ አንድ ሙሉ ዙር ይሞላል። ኮምፒውተሩ «ተራመድ» ይለዋል፣ እሱ ይራመዳል። ችግሩ መራመዱን የሚያረጋግጥ የለም። መቁረጫው ጠንካራ ጉጥ ነክቶ ሞተሩ አቅቶት እርምጃ ቢዘል፣ ኮምፒውተሩ እንደሄደ ቆጥሮለት ይቀጥላል። እነ ወንድሜንም ያገኛቸው ይኸው ነው። ዋንዛ ላይ ጽጌረዳ እየቀረጹ አጋማሹ ላይ ኤክስ የሚባለው አቅጣጫ እርምጃ ዘለለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አበባ በሙሉ አራት ሚሊ ወደ ጎን ሸሸ። ዋንዛ ደሞ የዋዛ እንጨት አይደለም፤ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ።

«መድኃኒቱ ክሎዝድ ሉፕ ነው» ተባሉ። ውሸት አልነበረም። ይሄኛው ሞተር ከኋላው ኢንኮደር የሚባል ዓይን አለው። በብዛት የሚሸጠው ኢንኮደር በአንድ ዙር 1,000 መስመር አለው፤ ሞተሩን የሚነዳው ሳጥን፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ እያንዳንዷን መስመር አራት ጊዜ ስለሚቆጥራት በዙር 4,000 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ታዞ ካልሄደ ድራይቨሩ ወዲያው ያውቃል። ይገፋዋል፤ ከተፈቀደው በላይ ወደ ኋላ ከቀረበት ደሞ ቀይ መብራት አብርቶ ያቆመዋል። የተበላሸ እንጨት ላይ ሲቀርጽ ከሚውል ቆሞ ቢጠብቅ አይሻልም? ይሻላል እንጂ!

ከዚያማ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሚደገስ ሠርግ የአልጋ ራስጌ ታዘዙ። ቀብድ ተቀበሉና በቀብዱ አዲሶቹን ሞተሮች ገዙበት። (የሰው ቀብድ በልቶ ዕቃ መግዛት ደግ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም እላለሁ፤ ግን የጀማሪ ነጋዴ ኑሮ ይኸው ነው።) የገዛው ጓደኛው፣ ሽቦ የዘረጋው ወንድሜ። ሁሉም ተገጠመ። ድልድዩን የሚገፉት የዋይ ሁለት ሞተሮች ሠሩ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው ዜድ ሠራ። ኤክስ ግን እንቢ አለ።

ሁኔታው ግራ ያጋባል። ኃይል ሲለቀቅ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይይዛል፤ በእጅ ቢታገሉት አይነቃነቅም። ጤነኛ ነው ትላላችሁ። «ሂድ» ሲሉት ግን አንዴ ይንቀጠቀጥና፣ ዘፍ ይልና፣ ቀይ መብራት! ደግመው ቢሞክሩት ያው ነው።

«አገጣጠምህ ነው» አለ ጓደኛው።

«ገልብጬ ሞክሬዋለሁ፣ ለውጥ የለውም። ርካሽ ስትፈልግ የተበላሸ ሞተር አሸክመውህ ነው» አለ ወንድሜ።

ጓደኛው ይኼኔ ነደደው። ድራይቨሩ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ማብሪያ ገለበጣትና ኢንኮደሩን እንዳያዳምጥ አደረገው። አንዳንዱ ድራይቨር ይህን ይፈቅዳል፤ እንደ ድሮው፣ መልስ ሳይጠብቅ ይሠራል። ሞተሩ ሽው እያለ ዞረ! «ይኸው! ሞተሩ ምን ሆነ? ጤነኛ አይደለም እንዴ?» «ጤነኛ ከሆነ ሽቦዬም ጤነኛ ነው ማለት ነዋ!» እንዲህ ሲጯጯሁ አመሹ። ጓደኛው በዚሁ ይቀጥል፣ ቀይ መብራቱ ምን ያደርግልናል አለ። ወንድሜ የለም፣ ሌላ ዋንዛ ልታቃጥል ነው አለ። በመጨረሻ ያቺ የምትፈራው ቃል ወጣች፤ «ድርሻዬን ስጠኝ»።

እናቴ ደወለችልኝ። «እባክሽ እነዚህን ልጆች ሽማግሌ ሆነሽ አስታርቂልኝ። ልጄ ምሳ አይበላም፣ ያኛውም ቤቴ መምጣት አቆመ» አለች። የኔ ሥራ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው፤ ለበሽተኛ መድኃኒት ቀስ እያለ የሚገፋው ፓምፕ ውስጥም ይኸው ስቴፐር ሞተር በትንሹ አለ። እናም ቅዳሜ ጠዋት ቴስተሬን፣ ካቻቪቴና ናስትሮ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ለሽማግሌነት ቴስተር ይዞ የሄደ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱም ግቢው ውስጥ አሉ፣ ግን አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ጓሮ። ሰብስቤ አስቀመጥኳቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። «ያያችሁትን ንገሩኝ፤ የገመታችሁትን አይደለም።» ይሄን ጥያቄ እናንተም ያዙት፤ ለማሽንም ለትዳርም ይሠራል። ወንድሜ ያየው፦ ሽቦውን ገልብጦ ምንም ለውጥ አለመኖሩን። ጓደኛው ያየው፦ ኢንኮደሩ ሳይደመጥ ሞተሩ መዞሩን። ሁለቱም አልዋሹም። ልብ በሉ፣ «ሞተሩ ተበላሽቷል» እና «አገጣጠምህ ነው» የሚሉት የታዩ አይደሉም፤ የተገመቱ ናቸው። የዘጠኝ ቀኑ ኩርፊያም በግምት ላይ የቆመ ነበር።

ወደ ማሽኑ ገባን። መጀመሪያ ኃይል ጠፋ፤ የድራይቨሩ መብራት ሙሉ በሙሉ እስኪከስም ጠበቅን። ይሄ እንደ ጸሎት መደገም ያለበት ነው። ድራይቨር ኃይል ላይ ሳለ የሞተር ሽቦ መንቀል ማለት ድራይቨሩን ለመግደል መዘጋጀት ነው፤ ሽቦው ሲነቀል የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ውስጡን ያቃጥለዋል። «እኔ ስንቴ ነቅዬ ምንም አልሆነም» የሚል ጀግና አይጠፋም። ዕድለኛ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ከዚያ የኤክሱን ሞተር ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ማያያዣ አላላን፤ ሞተሩ ቢያብድ እንኳ ብቻውን ይበድ ብለን። ስፒንድሉ ወርዶ ጠረጴዛ እንዳይወጋ ከሥሩ ጉማጅ እንጨት አስደገፍን። ቀጥሎ የኤክሱን ሞተር ከነኢንኮደር ገመዱ ነቅለን ጤነኛው የዜድ ድራይቨር ላይ ሰካነው። ኃይል ለቀን «ሂድ» አልነው... ዘፍ! ቀይ መብራት። ስለዚህ ጥፋቱ ሞተሩንና ገመዱን ተከትሎ ሄዷል ማለት ነው። ድራይቨሩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሶፍትዌሩ፣ ያ ሁሉ ተጠርጣሪ በአስር ደቂቃ ነፃ ወጣ። ቴስተር እንኳ አልነካንም እኮ!

እንደገና አጠፋንና ወደ ሽቦው ገባን። ይሄ ዓይነት ሞተር አራት የኃይል ሽቦ አለው፤ ኤ ፕላስና ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስና ቢ ማይነስ። አራት ሽቦ ማለት ሁለት ጥንድ ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ የአንድ የመዳብ ጥቅል ሁለት ጫፍ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ጥንዱን ስትነኩት ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ በዚህ መጠን ባለ ሞተር አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያም ያነሰ። ቁጥሩ ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ ርካሽ ቴስተር የራሱን ሽቦ ጭምር ነው የሚለካው። ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ግን ምንም መገናኘት የለበትም። ቴስተር የሌለው ሰው ሞተሩን ነቅሎ ሁለት ሽቦ አነካክቶ ዘንጉን በጣቱ ያዙር፤ ከበደው ማለት ጥንዱን አገኘ፣ ካልከበደው ሌላ ይሞክር። ቀለም አትመኑ። ጥቁርና አረንጓዴ አንድ፣ ቀይና ሰማያዊ አንድ የሚሆንበት ብዙ ነው፣ ግን ሕግ አይደለም፤ ከሞተሩ ጋር የመጣችውን ወረቀት እዩ።

ጥንዶቹ ትክክል ነበሩ። ወንድሜ ደረቱን ነፋ። «አላልኩም?» ቆይ እስቲ፣ አልኩት። ቴስተር ጥንድ ይነግርሃል እንጂ የቱ ጫፍ ፕላስ፣ የቱ ማይነስ እንደሆነ አይነግርህም። እሱን ለማወቅ ሽቦውን ከድራይቨሩ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ሶኬት አንድ በአንድ መከተል ነው። ሌሎቹ ሞተሮች ላይ ከሞተሩ ጋር የመጣው ገመድ ነው የተገጠመው። ኤክስ ድልድዩ ላይ ስለሆነ ገመዱ አጠረ፤ ስለዚህ የድሮው ማሽን ገመድ ተቀጠለበት። የድሮው ገመድ ቀለም ሌላ ነው። መቀጠያው ላይ ያለውን ናስትሮ ፈታነው... ኤ ፕላስና ኤ ማይነስ ተጣርሰዋል!

«ይሄንን እኮ ገልብጬዋለሁ!» አለ ወንድሜ። እንዴት ገለበጥከው? «ሁለቱንም ጥንድ።» አያችሁ ጉዱን! አንዱን ጥንድ ብቻ ብትገለብጥ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። ሁለቱንም ከገለበጥክ ግን አቅጣጫው ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ ዞር እንዳለ ሰው። ወንድሜ ደክሞ ደክሞ የነበረበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። «ለውጥ የለውም» ማለቱ እውነት ነው፤ «ስለዚህ ሽቦው አይደለም» ማለቱ ነው ያሳተው።

ታዲያ ድሮ እንዲህ ቢገናኝ ምን ይሆን ነበር? ምንም። ኢንኮደር በሌለው ሞተር ላይ የተጣረሰ ጥንድ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ሶፍትዌር ላይ አስተካክለህ ትረሳዋለህ። ክሎዝድ ሉፕ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድራይቨሩ «ቀኝ ሂድ» ይላል። ሽቦው ስለተጣረሰ ሞተሩ ግራ ይሄዳል። ኢንኮደሩ ያየውን ይናገራል፤ «ግራ እየሄደ ነው»። ድራይቨሩ ይደነግጥና «በል ቀኝ፣ አጥብቀህ ቀኝ!» ይላል። ሞተሩ የባሰ ግራ። ለማስተካከል በገፋ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል፤ ወዲያው ቀይ መብራት። ቆሞ ሲይዝ ጤነኛ የሚመስለው ገና አቅጣጫ ስላልተጠየቀ ነው። ኢንኮደሩ ሳይደመጥ የዞረውም የሚቃወመው ስላልነበረ ነው። ሞተሩም አልዋሸ፣ ኢንኮደሩም አልዋሸ። ያጣላቸው መሐል ያለው ናስትሮ ነው።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ «ጺጺጺ...» ብሎ ጆሮ የሚበሳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የወጣው ተመልሶ ገብቶ ራሱን ያባብሳል። በተቃራኒው፣ ተመልሶ የሚመጣው ስህተቱን እንዲቀንስ አድርጎ ማገናኘት ትልቅ ጥበብ ነው። የቤል ላብራቶሪው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 ይህን ለስልክ ድምፅ ማጉያ የሚሆንበትን መንገድ ያገኘው ወደ ሥራው በጀልባ ሀድሰን ወንዝን ሲሻገር ነው፤ ሥዕሉን የጻፈው ደሞ በእጁ በያዘው ጋዜጣ ላይ ነበር። ጋዜጣ ዳቦ ለመጠቅለል ብቻ ነው ለምትሉ ይድረስ!

አንዱን ጥንድ ብቻ አቃናን። በስታኞ በየድን፣ በናስትሮ ጠቀለልን። ኃይል... «ሂድ»... ሄደ! አረንጓዴዋ እንደበራች። ሁለቱ ተያዩ፣ ወዲያው ደሞ ዓይናቸውን ሰበሩ። ኩርፊያ እንደ ሽቦ ቶሎ አይቀጠልም።

ኤክስ ግን በግራ መሄድ ሲገባው በቀኝ ይሄዳል። ጓደኛው ያን ቀን ያለ ኢንኮደር ሲሞክር ሶፍትዌሩ ላይ አቅጣጫ ቀይሮ ስለነበር ነው። ወንድሜ ካቻቪቴውን አነሳ። «ንሳ አስቀምጥ!» አልኩት። ክሎዝድ ሉፕ ላይ አቅጣጫ መቀየር ሲያምራችሁ የሞተሩን ሽቦ አትንኩ። በሶፍትዌሩ ወይም በድራይቨሩ ማብሪያ ነው የሚቀየረው።

አበቃ ብለን ቡና ልንጠጣ ስንል ስፒንድሉ ተነሳ፤ በስፒንድሉ መነሳት ኤክስ እንደገና ቀይ አበራ። ስፒንድሉ ሲጠፋ ይሠራል፣ ሲበራ ይቆማል። አሁን ጥያቄው የሽቦ አቀጣጠል ሳይሆን የገመድ ጉርብትና ሆነ። አየሁት፤ የኢንኮደሩ ቀጭን ገመድ ከስፒንድሉ ወፍራም ገመድ ጋር ከዳር እስከ ዳር፣ በየአስር ሳንቲሙ፣ በነጭ ማሰሪያ አምሮ ታስሯል። ለዓይን ያማረ! ግን ስፒንድሉን የሚነዳው ኢንቨርተር ገመዱ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይለቃል፤ ኢንኮደሩ ደሞ በ5 ቮልት የሚያንሾካሹክ ነው። ጯሂ ጎን አንሾካሻኪ ማስቀመጥ ነው። ማሰሪያውን በጣጥሰን ለየናቸው፤ የኢንኮደሩን ገመድ ሽፋን መረብ በድራይቨሩ በኩል ባለው ጫፍ ብቻ ከመሬት ጋር አገናኘነው። ጠፋ። ማን እንዳሰረው አልጠየቅሁም። ጓደኛው ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፣ እኔ ሳላየው የማልሄደው። የየድራይቨሩ የማስጠንቀቂያ ሽቦ የትም አልተገናኘም! ማለትም ድራይቨሩ ቀይ አብርቶ ቢቆም ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ሌሎቹን መንዳቱን ይቀጥላል። ዋይ ላይ ሁለት ሞተር ነው ያለው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ቢሄድ ድልድዩ ተጣሞ ይነጫል። ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ዓይን ያለው ሞተር ገዝቶ፣ ዓይኑ ያየውን የሚሰማ ጆሮ አለመግጠም! ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አራቱን የማስጠንቀቂያ መስመሮች ወደ መቆጣጠሪያው የአደጋ ማቆሚያ መግቢያ በማገናኘት አሳለፍነው። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትንኩ፤ መስመሩ በሰላም ጊዜ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለው እንደ ድራይቨሩ ይለያያል፣ መመሪያውን ክፈቱ። መብራቱ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚልም እዚያው ተጽፏል፤ ብልጭታው የጥፋቱ ስም ነው። ዘጠኝ ቀን ሲጣሉ አንዳቸውም አልቆጠሩትም።

ስንጨርስ ለሙከራ ኤክስን እያስኬድን ወንድሜ ዘንጉን በጨርቅ አፍኖ ያዘው። (ይህን እናንተ ቤት እንዳትሞክሩት፤ ጣት አይበቅልም። የኔን ቁጣ በሰማችሁ!) ቀዩ በራ፣ ማሽኑ በሙሉ በአንዴ ቀጥ አለ። ጓደኛው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ልታስበላ ነው እንዴ?» አለው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል ይቺ ነበረች።

ራስጌው በሰሙነ ሕማማት ተቀርጾ አለቀ፤ ሙሽሮቹም ተረከቡት። የድርሻው ጉዳይ ግን ገና ነው። ጓደኛው አሁንም ወጥቶ የራሱን መሥራት ያምረዋል፤ ወንድሜም አልለምነውም ብሏል። በሚመጣው እቁብ እናየዋለን ተባብለዋል። እስከዚያው ግን በሚመጣው ሳምንት አራት በር የሚቀረጽ አላቸው፤ ገመድ የሚገዛው ወንድሜ ነው፣ የሚቀጥለው ደሞ ጓደኛው።